የሴኡል ታፔላዎች፦ በታፔላ ሠሪ ዓይን

ታፔላ እሠራለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ አጎቴ ነው፤ ፒያሳ፣ ሁሉም ነገር በቀለምና በብሩሽ በሚሠራበት ጊዜ። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ አራት ኪሎ ገባሁ። አሁን ቆረጣውን ማሽን ይሠራዋል። የፊደሉን ቅርጽ ግን ዛሬም በእጄ ነው የማወጣው።

ታናሽ እህቴ ሴኡል ትማራለች። መስከረም መጨረሻ ላይ ሄጄ አሥራ ሁለት ቀን አብሬያት ቆየሁ። ሰው ሕንፃና ምግብ ያያል፤ እኔ ያየሁት ጽሑፍ ነው።

ከምድር ባቡሩ ልጀምር። በሁለተኛው ቀን እህቴ ደወለችና «ወንድሜ፣ ጆንግኖ ሳም-ጋ ውረድ፤ በአምስት ቁጥር መውጫ ውጣ፤ እዚያው ቆሜያለሁ» አለችኝ። ሦስት መስመሮች የሚገናኙበት ጣቢያ ነው፤ መውጫው ከአሥር ይበልጣል። ግን አልጠፋሁም። አንደኛው መስመር ጥቁር ሰማያዊ፣ ሦስተኛው ብርቱካናማ፣ አምስተኛው ሐምራዊ ነው። የመውጫ ቁጥር በቢጫ ነው የሚጻፈው። ስሙን ማንበብ ያልቻለ በቀለሙና በቁጥሩ ይደርሳል። እኛ «ጊዮርጊስ ጋ ስትደርስ ደውልልኝ» እንባባላለን፤ እነሱ ቁጥር ተነጋግረው ይገናኛሉ። በጣም ደስ አለኝ።

ከላይ መንገዱም ሥርዓት አለው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አድራሻ ሁሉ በመንገድ ስም ሆኗል። ትልቁ ጎዳና «ዴሮ»፣ መካከለኛው «ሮ»፣ ቅያሱ «ጊል» ይባላል። የቤት ቁጥሩ በግራ ጎዶሎ፣ በቀኝ ሙሉ ነው። ስልካችሁ ላይ ግን ኔቨር ማፕ የሚባለውን የኮሪያ የካርታ መተግበሪያ ጫኑ። በጉግል ማፕ በእግር ልሄድ ብዬ የመጀመሪያውን ቀን አቃጥያለሁ።

አሁን ወደ ፊደሉ። የኮሪያን ፊደል ሃንጉልን ንጉሥ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1443 ፈጥሮ በ1446 አወጀው። በየዓመቱ ኦክቶበር 9 ቀኑ ይከበራል፤ ሥራ ዝግ ነው። ለፊደል በዓል! እዚያው ስለነበርኩ ጓንግኋሙን አደባባይ ሄጄ የንጉሡን ሐውልት ለረጅም ጊዜ ቆሜ አየሁት። ከኋላው ያለው የቤተ መንግሥት በር ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ግን የተጻፈው በቻይና ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሲታደስም በጥቁር ላይ በወርቅማ ቀለም እንዲሁ ተጻፈ። በሃንጉል መሆን አለበት ብለው እስከ ዛሬ የሚከራከሩ አሉ። ስለ አንድ ታፔላ እንዲህ የሚከራከር ሕዝብ እወዳለሁ።

ሃንጉል ማንበብ በአራት ቀን ለመድሁ። ኢንሳዶንግ የሚባለው ሰፈር ስታርባክስ ሳይቀር ስሙን የጻፈው በሃንጉል ነው። ቆሜ ፊደል ቆጠርኩ፦ «ስ-ታ-በክ-ስ ከ-ፒ»። «ፈ» የሚባል ድምፅ ስለሌላቸው ኮፊ «ከፒ» ሆነ ማለት ነው።

ከሁሉም ያስደነቀኝ መድኃኒት ቤቱ ነው። ታፔላው ላይ አንድ ምልክት ብቻ ተጽፏል፤ «ያክ»፣ መድኃኒት ማለት ነው። ከሩቅ ይታያል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እነሱ ድምፆቹን ሰብስበው በአንድ አራት ማዕዘን ውስጥ ይጽፏቸዋል፤ ስለዚህ ከላይ ወደ ታች ቢደረደሩም ይነበባሉ። በጠባብ ሕንፃ ጎን አምስት ፎቅ ሙሉ ታፔላ የሚወርደው ለዚህ ነው። የእኛም ፊደል እኮ እንዲሁ ነው! «ቡ» አንድ ምልክት፣ «ና» አንድ ምልክት። በላቲን ፊደል ይህን ብትሞክሩት ቃሉ ይበታተናል።

አለባበሳቸው ላይ ብዙ አልቆይም። ወጣቱ ጥቁር፣ ግራጫና ቡኒ፣ ሰፊ ሱሪና ነጭ ስኒከር ነው። ደማቅ ቀለም የሚለብሱት ከተራራ የሚመለሱ አዛውንቶች ናቸው፤ ባቡር ውስጥ ያምራሉ። የአገር ልብሳቸውን ሃንቦክን የለበሰ ደግሞ ቤተ መንግሥት በነፃ ይገባል። ይህን እዚህም ባየው እወድ ነበር።

ቅር ያለኝም አለ። ወጣቶች በሚበዙበት አንድ ሰፈር የገባሁበት ካፌ ታፔላውም ሜኑውም እንግሊዝኛ ብቻ ነበር። ከፊቴ የቆሙ እናት ሜኑውን ትንሽ አዩና ምንም ሳያዙ ወጡ። ቦሌ ያሉ ደንበኞቼ ትዝ አሉኝ። «እንግሊዝኛው ይተለቅ፣ አማርኛው ከሥር ትንሽ ይሁን» ይሉኛል፤ እኔም ስንት ዓመት እንዳሉኝ ሠርቻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ መጀመሪያ አማርኛውን አተልቄ ነው ናሙና የማሳያቸው።

ከተመለስኩ በኋላ አንዲት ጀበና ቡና የምትሸጥ እህት መጣች። ቤቷ ጠባብ ነው፤ ፊቱ አንድ ሜትር ቢሆን ነው። የመድኃኒት ቤቱን ፎቶ አሳየኋት። «ቡ» ከላይ፣ «ና» ከታች፣ እያንዳንዳቸው ሰባ ሳንቲሜትር፣ በነጭ ላይ ቡና ዓይነት አድርጌ ሠራሁላት። ከመንገዱ ማዶ ከታክሲ ተራው ይነበባል። ትናንት ደውላ «ማታም እንዲታይ መብራት ይግባበት» አለችኝ፤ ቅዳሜ እገጥምላታለሁ።