ውሃ፣ አረንጓዴ ወይስ ሮዝ? ለራዲያተራችሁ የቱን ትገዛላችሁ

ከጎሃ ጽዮን ወርዶ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ደጀን ሽቅብ የነዳ ሰው የሙቀት ምልክቱን ሰረቅ እያደረገ ማየት ምን እንደሆነ ያውቃል። ያገለገለች ቪትዝ (ትንሿን ቶዮታ) በገዛሁ በሦስተኛው ወር እዚያው ዳገት ላይ ቆሜያለሁ። ዳገቱ ሳይጋመስ ቀዩ መብራት በራ። ኮፈኖውን ስከፍተው እንፋሎቱ ፊቴን ሊገርፈኝ ነበር። ሞተሩ እስኪበርድ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅኩ። ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን ስከፍት ውስጡ ያለው ነገር ጠላ ይመስላል። ለካ መኪናዋ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ነበር የምትጠጣው።

ከዚያ ወዲህ ወዳጆቼ ኩላንት፣ ማለትም ራዲያተር ውስጥ የሚሞላውን የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ሊገዙ ሲሉ ይደውሉልኛል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «አረንጓዴው ይሻላል ወይስ ቀዩ?» እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቃቸው ስለ ክዳኑ ነው።

ክዳኑ ይቅደም

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የመኪና ሞተር ደግሞ በደህናው ቀን የሚሠራው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። በሌላ አነጋገር፣ ግፊት የማይዝ ራዲያተር ውስጥ ያለ ውሃ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖም ሊፈላ ይችላል።

ይህን የሚከለክለው ክዳኑ ነው። አብዛኛው ክዳን ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታትሟል፤ የሚይዘው ግፊት መጠን ነው። ደህና የሆነ ባለ 1.1 ክዳን አዲስ አበባ ላይ የውሃውን መፍያ ወደ 118 ዲግሪ ያደርሰዋል። ከውሃ ጋር እኩል በእኩል የተቀላቀለ ኩላንት በዚያ ላይ የሚጨምረው 7 ወይም 8 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ላስቲኩ የደረቀ ወይም ሞላው የላላ ክዳን ይዛችሁ ውድ ኩላንት ብትገዙ ብዙ አላተረፋችሁም። ክዳኑን በራሱ ቁጥር ቀይሩት። «ከፍ ያለው ይሻላል» ብላችሁ 0.9ኙን በ1.1 አትተኩ፤ ያረጀ ቱቦ ሊፈነዳ ይችላል። ሞተሩ ትኩስ እያለም ክዳኑን በጭራሽ አትንኩ። ፊትና እጅ የሚላጠው እዚህ ላይ ነው።

ውሃ ወይስ ኩላንት

ለውሃ የሚገባውን ክብር እንስጠው። ሙቀት ተሸክሞ በማውጣት ውሃ ከኩላንት ይበልጣል። «ውሃ ያቀዘቅዛል» የሚሉ አንጋፋ ሾፌሮች አልተሳሳቱም። ችግሩ የሚመጣው ቀስ ብሎ ነው። ውሃ ብረቱን ያዝጋል፣ አሉሚኒየሙን ይበላል። በተለይ የጉድጓድ ውሃ ኖራውን እየተወ የራዲያተሩን ቀጭን ቧንቧዎች ይደፍናል። ኩላንት የውሃ ፓምፑን ማሸጊያም እያለሰለሰ ከመበላት ይጠብቃል፤ ባዶ ውሃ ይህን አያደርግም። «እኛ አገር በረዶ የለም» የሚሉኝም አሉ። ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል መኪናውን ደጅ ያሳደረ ሰው ግን በዚህ አይስማማም።

እኔ ውሃን የምፈቅደው መንገድ ላይ ለተቸገረ ሰው ብቻ ነው። ቤት ሲደርስ ያፍስሰው።

አረንጓዴ ወይስ ቀይና ሮዝ

ቀለሙ ማቅለሚያ ብቻ ነው፤ አምራቹ የፈለገውን ይጨምራል። ልዩነቱ ያለው ፀረ ዝገት ቅመሙ ላይ ነው።

የድሮው አረንጓዴ ሲሊኬት የሚባል ቅመም አለው። ብረቱን ቶሎ ይሸፍናል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። በ2 ዓመት አካባቢ መቀየር አለበት። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ የመዳብ ራዲያተር ላላቸው አሮጌ መኪኖች ይስማማል።

የቶዮታው ቀይና ሮዝ ሲሊኬት የለውም። ኦርጋኒክ አሲድና ፎስፌት ነው የሚጠብቀው። ሮዙ ተበጥብጦ የሚመጣ ሲሆን፣ ቶዮታ መጀመሪያ በ160,000 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በየ80,000 እንዲቀየር ይመክራል። ይህ ቁጥር ግን የሚሠራው ከፋብሪካ ጀምሮ ሌላ ነገር ላልገባበት ሞተር ነው። ታሪኩን የማታውቁት ያገለገለ መኪና ከሆነ በየ2 ወይም 3 ዓመቱ ቀይሩት እላለሁ።

የአውሮፓ መኪና ያላችሁ ከዚህ ውድድር ውጡ። አምራቾቹ ፎስፌት አይወዱም፤ መመሪያ መጽሐፉ ላይ የተጻፈውን መለያ ይዛችሁ ግዙ።

ሁለቱን መደባለቅስ? ብዙ ጊዜ ወዲያው ጉዳት አይታይም። የሁለቱም ቅመም ግን ይደክማል፤ አንዳንዱ ድብልቅ ረግቶ ቧንቧ ይዘጋል። ምን እንዳለበት ካላወቃችሁ፣ ጥሩ ውሃ ጨምራችሁ እያጠባችሁ፣ የሚወጣው እስኪጠራ ድረስ አፍስሱትና በአዲስ ጀምሩ። ያፈሰሳችሁትን ደጅ አትድፉት። ጣዕሙ ይጣፍጣል፣ መርዝ ነው። ውሻም ሕፃንም ይቀምሰዋል።

ወፍራሙ ወይስ የተበጠበጠው

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት የአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ውድ፣ አንዱ ርካሽ ነው። ርካሹ ብዙ ጊዜ ግማሹ ውሃ ነው። ወፍራሙ፣ ማለትም ገና ውሃ ያልገባበት፣ አንድ ሊትር ሲበጠበጥ ሁለት ሊትር ይሆናል። ስለዚህ ዋጋውን ከበጠበጣችሁት በኋላ በሊትር አስሉ። ትንንሽ መኪኖች ከ4 እስከ 6 ሊትር ይይዛሉ።

መበጥበጫው ዲስትልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ይሁን፤ ለባትሪ የሚሸጠውን ማለቴ ነው። አሲዱን እንዳትገዙ ጠርሙሱን አንብቡ። ወፍራሙን ሳትበጠብጡ መጨመርም ስህተት ነው፤ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ይወርዳል። ብርድ በሚበረታባት በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ለምትነዱም እኩል በእኩሉ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ስለሚችል ይበቃችኋል።

ጠርሙሱ ውስጥ ቀለም የተነከረ ውሃ ብቻ እንዳይሆን ከፈራችሁ ቤት ውስጥ የሚሠራ ፈተና አለ። የተበጠበጠውን ትንሽ በሚጣል ኩባያ ቅዱና ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። ከምግብ አርቁት፣ «መርዝ» ብላችሁ ጻፉበት። ጠዋት ድንጋይ የሆነ በረዶ ካገኛችሁ የገዛችሁት ውሃ ነው። እውነተኛው እኩል በእኩል በቤት ፍሪዘር አይረጋም።

ከመግዛታችሁ በፊት

ኩላንት የማይፈታው ችግርም አለ። መኪናው በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ብቻ የሚግል፣ ሲሮጥ የሚበርድ ከሆነ ፋኑን ተጠራጠሩ። በተቃራኒው ዳገትና ረጅም መንገድ ላይ የሚግል ከሆነ ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይም ቴርሞስታቱ (ኩላንቱ ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) አልከፍት ብሏል። ሞተሩ ግሎ የውስጥ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከነፋ ኩላንቱ ጎድሏል፣ ወይም አየር ገብቶበታል። የፊት ምንጣፉ ረጥቦ መስታወቱ በቅባታም ጉም ከተሸፈነ የሚያፈሰው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው። የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካያችሁና ኩላንቱ በየሳምንቱ ከጎደለ ጋርኒሲዮኑ (በሞተሩና በላይኛው ክፍሉ መካከል ያለው ማሸጊያ) ሳይበላሽ አልቀረም። ያኔ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይታይ፤ ኩላንት እየጨመራችሁ አትንዱ። ቀዳዳ ይደፍናል የሚባለውን ዱቄት እኔ አልገዛም፤ የማሞቂያውን ቀጭን ቧንቧም አብሮ ይደፍናል።

ይህ ሁሉ ከሌለባችሁ፣ ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ኮሮላ ለምትነዱ ምርጫዬ ሲሊኬት የሌለው ቀይ ወፍራም ኩላንት ከዲስትልድ ውሃ ጋር ነው። ለመበጥበጥ ጊዜ የሌለው ሮዙን ይግዛ። ባጀቱ ጠበብ ያለበት ሰው አረንጓዴውን በየ2 ዓመቱ ካልረሳ እኔ አልቃወምም። የሞላችሁበትን ቀንና ዓይነቱን በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ኮፈኖው ሥር ለጥፉት። የእኔ ቪትዝ ላይ የተለጠፈው አሁንም አለ፤ ባለፈው ዓመት ደጀንን ወጥቼ ቀዩ መብራት አልበራም።