የልጆቻችሁ ክብደት ላሳሰባችሁ ወላጆች፦ አንዲት ነርስ ልጠቁማችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የምጽፈው ለማመስገን ነው፤ እግረ መንገዴንም ለሚፈልጋት ወላጅ ለመጠቆም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። ስሟን በአደባባይ እንዳልጠራ ስለጠየቀችኝ ሲስተር ብዬ ልቀጥል።

ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ዘመድ ሁሉ «ዱባዬ» እያለ፣ ጉንጩን እየቆነጠጠ ነው ያሳደገው። እኛ ዘንድ ደንዳና ልጅ የጥጋብ ምልክት ነው፤ እናት «ምን አገኘው?» ተብላ የምትጠየቀው ልጁ ሲከሳ ነው። አንገቱ ዙሪያና ብብቱ ሥር እየጠቆረ ሲመጣ ቤተሰቡ እድፍ ነው አለ። አያቱ በሎሚም በሳሙናም አሸችው፣ አልለቀቀም። በኋላ ለጉንፋን የወሰድነው ሐኪም አንገቱን አይቶ የደም ምርመራ አዘዘ። የሦስት ወሩን የስኳር መጠን የሚያሳየው ምርመራ 5.9 በመቶ አለ። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ገና የስኳር በሽታ አይደለም፣ ግን ወደዚያው የሚወስድ መንገድ ነው። 6.5 ሲደርስ ነው በሽታ የሚባለው። አባቴ በስኳር ምክንያት እግሩ የተቆረጠ ሰው ስለሆነ ቁጥሩን ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ። ወደ ሲስተር የተላክነው ያኔ ነው።

እሷ መጀመሪያ ያናገረችው እኔን ሳይሆን ልጁን ነው። ስለ ትምህርቱ፣ ስለሚደግፈው ክለብ፣ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ጠየቀችው። ክብደቱን ለክታ ዝም ብላ ጻፈች፣ ቁጥሩን ሰው ፊት አልጠራችም። «ወፍራም» የምትል ቃል ከአፏ አልወጣችም። «አንገትህ የጠቆረው ስላልታጠብክ አይደለም» ስትለው የልጄ ፊት እንዴት እንደበራ ብታዩ! ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችን። ኢንሱሊን ስኳሩን ከደም አውጥቶ ወደ ሰውነት ሕዋሳት ያስገባል፤ በተለይ ሆድ አካባቢ ስብ ሲበዛ ሕዋሳቱ ትእዛዙን መስማት ያቆማሉ፣ ቆሽትም እነሱን ለማሰማት ከልክ በላይ ኢንሱሊን ያመርታል፣ ቆዳውን የሚያጠቁረውም ይሄ የበዛው ኢንሱሊን ነው። ጉርምስና ሲመጣ ደግሞ ችግሩ ስለሚጠነክር አሁን መጀመራችን መልካም ነው አለች።

ረሃብ አላዘዘችም። ልጁ ገና እያደገ ስለሆነ ክብደቱ ባለበት ቆሞ ቁመቱ ቢጨምር ራሱ ትልቅ ለውጥ ነው አለችን። እንጀራም አልከለከለችም፣ ጎመኑና ምስሩ ይብዛ፣ እንጀራው ይቀነስ ነው ያለችው። የጨከነችው በሚጠጣው ላይ ነው። በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ፣ ሰባት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው፤ ማንኪያ በማንኪያ ስኒ ላይ ሰፍራ ስታሳየን ባለቤቴ ዝም አለ። ጤና ነው ብለን የምንገዛው ማልትና ስኳር የተጨመረበት ስፕሪስም ከዚያ አይሻልም። ለእሱ ብቻ ተለይቶ የሚሠራ ምግብ እንዳይኖር፣ የሚለወጠው የቤቱ ማዕድ እንዲሆን አስጠነቀቀችን። ይህን ምክሯን ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ፤ ልጅን ነጥሎ «አንተ አትብላ» ማለት ቅጣት ነውና።

በቀን 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ስትለን ኮንዶሚኒየም ውስጥ የት? አልናት። ደረጃ፣ ገመድ ዝላይ፣ ከግቢው ልጆች ጋር ኳስ፣ በቃ። አባቱ ማታ ማታ ይዞት ይወጣል፣ አሁን ሰፈሩ ለምዷቸዋል። ስልኩም ከመኝታ ክፍል ወጣ፣ እንቅልፉ ተስተካከለ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ተራ ስንጠብቅ ኢንሱሊን የምትወጋ ትንሽ ልጅ ነበረች። አንድ ሰው «ጣፋጭ አብልተዋት ነው» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሲስተር ሰምታ ወጣች። የዚች ልጅ የስኳር በሽታ «ዓይነት አንድ» የሚባለው ነው፣ የራሷ ሰውነት መከላከያ ቆሽቷን ስለሚያጠቃ የሚመጣ ነው፣ ከአመጋገብም ከውፍረትም ጋር አይገናኝም ብላ በትሕትና ግን በግልጽ ነገረችው። የልጅቷ እናት እንባዋን ስትጠርግ አይቻለሁ።

የልጄ የመጨረሻ ምርመራ 5.5 ነው። ክትትሉ አላበቃም፣ የአንገቱ ጥቁረትም ቀስ እያለ ነው የሚለቀው።

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ እጅሽ ይባረክ። ወረፋው እስከ በር ድረስ ሞልቶ እንኳ ልጄን አላቻኮልሽውም።

የሆስፒታሉን ስም የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እነግራችኋለሁ። ከሐኪም የመላኪያ ወረቀት ያዙ፣ የቀድሞ የደም ውጤት ካላችሁም አትርሱ። ቤት ውስጥ ምግብ የሚሠራው ሰው፣ አያትም ብትሆን ሠራተኛ፣ አብሯችሁ ይሂድ። ሲስተር እነሱንም በስማቸው ጠርታ ነው የምታስረዳው።