ሄምፕ፣ አኩሪ አተር ወይስ የኑግ ፋጉሎ? ለብሮይለር የቱ ያዋጣል

«ሄምፕ የበላ ዶሮ አይታመምም» የሚለው ወሬ የሥጋ ዶሮ (ብሮይለር) አርቢዎች ጋ ደርሷል። ሄምፕ የማያሰክረው የካናቢስ ዓይነት ነው። አብዛኛው የመጣው ከታይላንድ ነው። በፈረንጆቹ 2022 የቺያንግ ማይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካናቢስ በመኖና በውሃ እየቀላቀሉ ዶሮ ላይ ሞከሩ፤ ዜናው ዓለምን ዞረ። እዚያ የተሞከረው ግን ተክሉ ነው። በመኖነት የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው፤ ዘይቱ ተጨምቆ ሲወጣ የሚቀረው የፍሬው ፋጉሎ። ስለዚህ ፋጉሎን ከፋጉሎ እናወዳድር።

ፕሮቲን ላይ፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎ ከ44 እስከ 48 በመቶ አለው። የሄምፕም የኑግም ከ30 በመቶ ትንሽ ከፍ ይላሉ። ሻጭ ወሬውን እዚህ ላይ ያቆማል፣ እናንተ ግን ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ ስለሆነው ላይሲን ጠይቁ፣ የብሮይለርን ደረት የሚሞላው እሱ ስለሆነ። ኩንታል ለኩንታል ሲታይ አኩሪ አተር ከሁለቱ እጥፍ ገደማ ላይሲን ይዟል። ሄምፕ ሜታዮኒን በሚባለው ሌላ አሚኖ አሲድ አይታማም፤ በላይሲን ግን ደካማ ነው።

ሌላው ፋይበር ነው። የሄምፕ ፋጉሎ ሩብ ያህሉ ፋይበር ነው፣ አንዳንዱ ከዚያም ይበልጣል። የኑጉም ቀላል አይደለም። ለላም ቢሆን ችግር የለውም፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ ለገበያ መድረስ ያለበት ብሮይለር ግን ሆዱን በገለባ ከሞላ ኃይል የሚሰጠው በቆሎ የት ይገባል?

የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በፈረንጆቹ 2011 ለሥጋ ዶሮ ያስቀመጠው የሄምፕ ጣሪያ ከጠቅላላው መኖ 3 በመቶ ነው። በኩንታል 3 ኪሎ ማለት ነው። አስሉት፤ ከዚያ የምታገኙት ፕሮቲን 1 ኪሎ ብቻ ነው፣ አንድ ኩንታል ፊኒሸር (ዶሮው ለገበያ ሲቃረብ የሚሰጠው መኖ) ደግሞ 20 ኪሎ ገደማ ይፈልጋል። አኩሪ አተርን የሚተካ መኖ ሳይሆን ቅመም ነው። አሜሪካም በፈረንጆቹ 2018 የእርሻ ሕግ ሄምፕ ማምረትን ብትፈቅድም፣ የሄምፕ ፋጉሎ በመኖነት ያገኘው ፈቃድ ለእንቁላል ጣይ ዶሮ ነው፣ ለብሮይለር አይደለም። እዚያ ያላችሁ ሰዎች ከመግዛታችሁ በፊት የግዛታችሁን ደንብ እዩ።

አገር ቤት ላለ አርቢ ጉዳዩ ያጠረ ነው። የካናቢስ ተክልን ያለ ፈቃድ ማብቀል ወንጀል ነው፣ ሄምፕ ነው ብላችሁ አታመልጡም። የሄምፕ እውነተኛ ጥቅም ኦሜጋ 3 የሚባለውን ለጤና የሚፈለግ ስብ ወደ ሥጋው ማስገባቱ ነው፤ ለዚያ ከሆነ ተልባ አለላችሁ፣ በኦሜጋ 3 ከሄምፕ ይበልጣል፣ ያውም በየገበያው። ሲበዛ ግን እድገት ይጎትታልና በትንሹ። ደግሞ ደንበኛችሁ ለኦሜጋ 3 ብሎ ዋጋ የሚጨምር ካልሆነ ምን አደከማችሁ?

ስለዚህ ምርጫው ወደ ኑግና አኩሪ አተር ይመለሳል። እኔ የምጠቀምበት ሚዛን ይህ ነው፦ የኑግ ፋጉሎ ኩንታል ዋጋ ከአኩሪ አተር ፋጉሎ ግማሽ በታች ካልሆነ አላየውም። በላይሲን ግማሹ ነው፣ ፋይበሩ ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ ነው። ከገዛችሁም የላይሲን ዱቄት ጨምሩበት፣ በስታርተር (የጫጩት መኖ) ላይ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ጫጩት ገለባ አይችልም።

ስትገዙ ኑጉን በእጃችሁ ፈርፍሩት። የረጠበ፣ የጓጎለ ወይም ሻጋታ የሸተተ ከሆነ ተዉት። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ግን በዓይን አይታይም፣ ንጹህ የሚመስለውም ሊኖርበት ይችላል፤ ብዙ የምትገዙ ከሆነ ማስመርመር ያዋጣል። አኩሪ አተር ላይ ትልቁ ጥያቄ በደንብ ተቆልቷል ወይ ነው። ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር ስላለው ዶሮው እየበላ አያድግም፣ ያረረው ደግሞ ላይሲኑ ይሞታል። ቀላል ፈተና አለ፦ ጥቂቱን ፈጭታችሁ ከዩሪያ ማዳበሪያና ከውሃ ጋር በጠርሙስ ክደኑት፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስትከፍቱት አፍንጫ የሚወጋ የአሞኒያ ሽታ ከወጣ ገና ጥሬ ነው፣ መልሱለት።