ከለቡ እስከ ነጋድ፦ በአንድ ጉዞ ወይስ ድሬዳዋ አድሮ?

ከአዲስ አበባ (ለቡ ጣቢያ) ጅቡቲ (ነጋድ ጣቢያ) የባቡር ሐዲዱ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሬዳዋ ከግማሽ መንገድ አለፍ ብላ ትገኛለች።

ወጪ፦ በቀጥታ ከሆነ አንድ ትኬትና ስንቅ፣ በቃ። ማደር ሁለት ትኬትና አልጋ ይጠይቃል። የድሬዳዋ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ውጭ ስለሆነ የባጃጁ ሒሳብም አለ፤ ዋጋ ሳይስማሙ አይሳፈሩ።

ስጋት፦ ማደር የሚበላሸው በሁለተኛው ትኬት ነው። ባቡሩ በየቀኑ ላይነሳ ስለሚችል «ድሬ ደርሼ እቆርጣለሁ» ያለ ሰው አንዱ ሌሊት ሁለት ይሆንበታል። ሁለቱንም አስቀድመው ይቁረጡ። ፓስፖርትና ቪዛ ግን በሁለቱም መንገድ ያው ናቸው።

ድካም፦ ቀጥታው ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ነው፤ ሕፃን ለያዘ ይከብዳል።

ትርፍ፦ እዚህ ላይ ማደሩ ይበልጣል። ድሬዳዋ ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ የድሮው ጣቢያ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ አለ። ቀፊራ ገበያን በጠዋት ይዩት፤ ከቀትር በኋላ ሙቀቱና ጫቱ ከተማዋን ያስተኟታል። ሲመሽ ከዚራ፣ ዛፎቹ ሥር፣ እንደገና ትነቃለች። ሐረርን ለመጨመር አንድ ሌሊት አይበቃም፤ ሁለት ይያዙ።

ጅቡቲ የቀጠሮ ቀን ያለበት ሰው በቀጥታ ይሂድ። ቀን የተረፈው፣ ልጆች ወይም አዛውንት የያዘ፣ ድሬ ይውረድ።