ሜሪላንድ ወይስ ቴክሳስ? ቤተሰብ ይዞ ስቴት ለሚቀይር አበሻ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ ወደ ቴክሳስ፣ ዳላስ አካባቢ፣ ጋርላንድ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። በየሳምንቱ ከዲኤምቪ (ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ) የሚደወልልኝ ለአንድ ጥያቄ ነው፦ «ልምጣ ወይስ እዚሁ ልቆይ?» ለሁሉም የሚሆን መልስ የለኝም። ሁለቱን ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ፣ ከቤታችሁ ሁኔታ ጋር አገናዝቡት።

ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ታክስ ነው። ቴክሳስ ከደሞዝ ላይ የስቴት ታክስ አይቆርጥም። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለበት ሞንጎመሪ ካውንቲ ስንኖር የስቴቱና የካውንቲው ተደምሮ፣ ታክስ ከሚከፈልበት ከእያንዳንዱ 100 ዶላር 8 ዶላር ገደማ ይሄድብን ነበር። እዚህ የመጀመሪያውን ቼክ ሳይ በጣም ደስ አለኝ። ቤት ስንገዛ ግን የፕሮፐርቲ ታክሱ፣ ማለትም በየዓመቱ የሚከፈለው የቤት ግብር መጣ። እዚህ በዓመት ከቤቱ ዋጋ 2 ከመቶ ሊጠጋ ይችላል። 350 ሺህ ዶላር ቤት ላይ 1.8 ከመቶ ቢሆን 6,300 ዶላር ነው፤ በወር 525። ሜሪላንድ ምጣኔው ዝቅ ይላል፣ ቤቱ ራሱ ግን ውድ ነው። ስለዚህ ቤት ለመግዛት ለቆረጠ ሰው ቴክሳስ ያዋጣዋል፤ በወሬ የሚባለውን ያህል ግን አይደለም። ስትገዙ የሆምስቴድ ኤግዘምፕሽን፣ ማለትም ራሳችሁ ለምትኖሩበት ቤት ግብር የሚያስቀንሰውን ቅጽ መሙላት እንዳትረሱ። ካላመለከታችሁ ማንም አይቀንስላችሁም።

ፖለቲካው እቤት ድረስ የሚገባው በሕክምና በኩል ነው። ቴክሳስ ሜዲኬይድን፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠውን የሕክምና ኢንሹራንስ፣ ካላሰፉት ስቴቶች አንዱ ነው። ልጅ የሌለው ጤነኛ ጎልማሳ፣ ገቢው የቱንም ያህል ቢያንስ ሜዲኬይድ አያገኝም። ሜሪላንድ ግን ገቢው ዝቅ ያለ ጎልማሳ፣ ልጅ ባይኖረውም ያገኛል። መሥሪያ ቤታችሁ ኢንሹራንስ የሚሰጥ ከሆነ ይህ ብዙም አይነካችሁም። ኡበር የምትነዱ ወይም በሰዓት የምትሠሩ ከሆነ ግን፣ እባካችሁ ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት ይህን አስቡበት። የሜሪላንድ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው፣ ሞንጎመሪ ከዚያም ይበልጣል። የቴክሳስ 7.25 ነው። ዳላስ ውስጥ ብዙ ቦታ ከዚያ በላይ ይከፍላሉ፤ ሕጉ ግን አያስገድዳቸውም።

ወረቀት ገና በእጁ ያልገባለት ሰው ደግሞ ሌላም ማየት አለበት። ቴክሳስ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአካባቢ ፖሊሶች ከኢሚግሬሽን ጋር እንዲተባበሩ በሕግ ያስገድዳል። ሜሪላንድ መኖሪያ ፈቃድ ለሌለውም መንጃ ፈቃድ ይሰጣል፣ ቴክሳስ አይሰጥም። የጦር መሣሪያውም ጉዳይ አለ፤ ቴክሳስ ከ2021 ወዲህ አብዛኛው አዋቂ ሽጉጥ ያለ ፈቃድ ይዞ መውጣት ይችላል።

የአየር ንብረቱን በነሐሴ መጥታችሁ እዩት። ሜሪላንድ አራቱም ወቅት በየተራው ይመጣል፤ በረዶ ትጠርጋላችሁ፣ በጋውም ይወብቃል። ዳላስ ግን ሙቀቱ 38 ዲግሪ አልፎ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። መኪና ውስጥ መሪው ስለሚያቃጥል ፎጣ ይዤ ነው የምገባው። ክረምቱ ቀላል ነው ብላችሁም አትዘናጉ። በፌብሩዋሪ 2021 ቅዝቃዜው ሲመጣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው መብራት ጠፍቶበታል። የቴክሳስ የኤሌክትሪክ መስመር ከሌሎቹ ስቴቶች ጋር እምብዛም ስለማይገናኝ ከውጭ ብዙ እርዳታ ማግኘት አልተቻለም። ያኔ እዚህ የነበረ ጓደኛዬ ልጆቹን ጋቢ ደራርቦ አንድ ክፍል አስተኝቷቸው ነበር። ጠጠር በረዶ (ሄይል) ሲወርድ ደግሞ የቤት ጣሪያና መኪና ይጎዳል፤ የቤት ኢንሹራንስ ዋጋ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ኑሮው ላይ ሁለቱም ቦታ እንጀራ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ዕድርም አለ። በዚህ አትቸገሩም። ትልቁ ልዩነት መኪና ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜትሮ አለ፣ አውቶቡስ አለ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ማስታወቂያ እንኳ በአማርኛ ይደርሰን ነበር። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ነጠላዋን አጣፍታ ለብቻዋ ወጥታ፣ በርበሬ ቤት ደርሳ፣ ሁለት ሰው ሰላም ብላ ትመለስ ነበር። እዚህ ስትመጣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በሩን ከፈተች፣ ሙቀቱ ፊቷን መታት፣ መልሳ ዘጋችው። እኛ ከሥራ እስክንገባ መስኮት ላይ ነው የምትቆየው። «ቤቱ ሰፊ ነው ልጄ፣ ሰው ግን የታለ?» አለችኝ።

ጉዞውም ለእሷ ይከብዳል። ወደ ዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት የሚበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ አውሮፕላን ሳትቀይር ያደርሳት ነበር። ወደ ዳላስ መቀየር አለባት፣ እንግሊዝኛ ደግሞ አትችልም።

እኛ ሁለታችንም ኢንሹራንስ ያለው ሥራ ስላገኘንና ቤት መግዛት ስለፈለግን መጥተናል፤ አልተጸጸትኩም። ታላቅ እህቴ ግን የምትሠራው በሰዓት ነው፣ እናታችንም አብዛኛውን ጊዜ እሷ ጋር ናት። «ልምጣ?» ስትለኝ አትምጪ አልኳት። የእናቴን ትኬት ዘንድሮ ለኦክቶበር ቆርጠናል። ደለስ ትወርድና እኔ እዚያ ሄጄ አመጣታለሁ።