«በግማሽ ዋጋ» የሚሸጠው የኩዊን ኮንሰርት ቲኬት፦ ሳትከፍሉ ይህን አንብቡ

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖች፣ ፌስቡክ ላይ በእንግሊዙ የሮክ ባንድ ስም «ኩዊን፣ 50 ፐርሰንት ቅናሽ፣ ዛሬ ማታ ያበቃል» የሚል ማስታወቂያ ከመጣባችሁ እለፉት። ታላቅ እህቴ ለራሷና ለጓደኞቿ አራት ቲኬት ገዝታበታለች። ደረሰኙን አብረን ቁጭ ብለን አየነው። ቅናሽ የሚባል ነገር የለበትም።

መጀመሪያ ፎቶው። የባንዱ ዘፋኝ የነበረው ፍሬዲ መርኩሪ ነው፣ በነጭ ካናቴራ፣ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ። ፍሬዲ በፈረንጆች 1991 ነው ያረፈው። «ትሪቢዩት» የሚለው ቃል (የዋናውን ባንድ ዘፈኖች አስመስሎ የሚጫወት ሌላ ባንድ ማለት ነው) ማስታወቂያው ላይ አለ፤ ግን ከታች፣ በጥቁር ላይ ግራጫ ሆኖ፣ ስልክ ላይ ካላጎሉት በማይነበብ ፊደል። እህቴ የኩዊን አባላት ብራያን ሜይና ሮጀር ቴይለር ከዘፋኙ አዳም ላምበርት ጋር መድረክ ላይ ሲወጡ እንደነበር ታውቃለች። የሚመጡት እነሱ መስለዋት ነው። ማንም ይመስለዋል፤ የተሠራውም እንዲመስል ነው።

እኔን ይበልጥ ያበሸቀኝ ግን ፎቶው የላይቭ ኤይድ መሆኑ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1977፣ በ77ቱ ረሃብ እያለቀ ለነበረው ሕዝባችን ገንዘብ ለማሰባሰብ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ የተደረገው ኮንሰርት። ኩዊን ዌምብሌይ ላይ የተጫወቱት ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው፤ እስከ ዛሬ ይወራል። በእህቴ ዕድሜ ያለ ኢትዮጵያዊ ያንን ፎቶ ሲያይ ልቡ ይነካል። በዚያ ስሜት መነገድ ነውር ነው።

ትሪቢዩት ባንዶች ላይ ቅሬታ የለኝም። የሚገርሙ ልጆች አሉ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ስትሰማቸው ዋናውን ነው የሚመስሉህ። ችግሩ ሻጩ ነው።

ገጹ ላይ 130 ዶላር ተሰርዞ 65 ተጽፏል። መክፈያው ጋ ስትደርሱ የአገልግሎት 22፣ የማስኬጃ 6 ይጨመራል። አንዱ ቲኬት 93 ዶላር ሆነ ማለት ነው። የአዳራሹ የራሱ ድረ ገጽ ላይ ግን እዚያው አካባቢ ያለ ወንበር ሁሉም ነገር ተካቶ 48 ዶላር ነው። 130 የሚባል ዋጋ የትም የለም! ሻጩ አዳራሹም አይደለም፣ መልሶ ሻጭ ነው። የአዳራሹን ስምና ፎቶ ለጥፎ፣ ጉግል ላይ ከፍሎ፣ ከትክክለኛው ድረ ገጽ በላይ ይመጣል። ከስሙ አጠገብ «ስፖንሰርድ» የምትለዋን ትንሽ ጽሑፍ ፈልጉ።

ሌላም አለ። ደረሰኙ ላይ የወንበር ቁጥር የለም። «ቁጥሩ ከዝግጅቱ በፊት ይላካል» ብቻ ይላል። እንዲህ ሲሆን ሻጩ ቲኬቱን ገና በእጁ አላስገባም ይሆናል። ሜሪላንድ በእጅ የሌለ ቲኬት መሸጥን ከጁላይ 2024 ጀምሮ ከልክላለች። በፌዴራል ደንብም ከሜይ 2025 ወዲህ የኮንሰርት ቲኬት ሻጭ ጠቅላላውን ዋጋ ከመጀመሪያው ማሳየት አለበት። መጨረሻ ላይ ክፍያ ሲደረብ ካያችሁ ገጹን ዝጉት።

ስለዚህ መጀመሪያ አዳራሹ ጋ ደውሉ፣ ወይም በአካል ሄዳችሁ ከመስኮቱ ግዙ። ብዙ ቦታ በአካል ሲገዛ የኢንተርኔቱ ክፍያ ይቀራል ወይም ይቀንሳል። ዜል በሚባለው የባንክ ገንዘብ መላኪያ ክፈሉ ከተባላችሁ ፈጽሞ እንዳትከፍሉ፤ በእጅ እንደ ሰጣችሁት ጥሬ ገንዘብ ነው፣ ማስመለሱ ከባድ ነው። እህቴ በክሬዲት ካርድ ስለከፈለች ለባንኩ ቅሬታ አስገብታለች። እናንተም ከገዛችሁ አትዘግዩ፣ ክፍያው ያለበት ቢል ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አመልክቱ። ማስታወቂያው ሳይጠፋ ስክሪንሹት አንሱት፣ ደረሰኙንም አያይዛችሁ ለግዛታችሁ ዋና ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ላኩ። እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው እናትና አባቶች ቅሬታውን ለመጻፍ እኔ አግዛለሁ፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።