ፍሌክስ 24 ኤሌክትሮድ፦ ለቀረው መስማት ይራራል፣ ለችኩል እጅ ግን አይሆንም

የሜድ-ኤል ፍሌክስ 24 ወፍራሙን ድምፅ አሁንም ለሚሰሙ፣ ቀጭኑ ግን ለጠፋባቸው ታካሚዎች የሚመረጥ የኮክሌር ኢምፕላንት (በቀዶ ጥገና ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ የሚተከል የመስሚያ መሣሪያ) ኤሌክትሮድ፣ ማለትም የመስማት ነርቭን በኤሌክትሪክ የሚያነቃቃው ቀጭን ዘንግ ነው። ርዝመቱ 24 ሚሊሜትር ነው። ከ12ቱ የማነቃቂያ ነጥቦች ጫፉ ላይ ያሉት 5ቱ ነጠላ፣ ቀሪዎቹ 7ቱ ጥንድ ናቸው። ጫፉ ቀጭንና ልል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የኮክሊያውን (ቀንድ አውጣ መሰሉን የውስጥ ጆሮ ክፍል) የውጭ ግድግዳ ተከትሎ ስለሚታጠፍ ባሲላር ገለፈቱን (ድምፅ ተቀባይ ህዋሳቱ ያረፉበትን ስስ ሽፋን) የመብሳት ዕድሉ ያንሳል። ወፍራም ድምፅ የሚሰማው በኮክሊያው ጫፍ በኩል ነውና፣ ኤሌክትሮዱ እዚያ ሳይደርስ መቆሙም ትልቅ ጥቅም ነው።

ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ልስላሴ ነው። ሲገባ እንቢ ካለ በኋላ መግፋት ከቀጠለ፣ ጫፉ ባለበት ቆሞ መግቢያው አካባቢ ይጎብጣል፤ ጉብጠቱ ስሱን የአጥንት ጠርዝና ገለፈቱን ይጎዳል። መፍትሔው ማቆም፣ ጥቂት መሳብና አቅጣጫ ማስተካከል ነው።

ኤሌክትሮዱ ብቻውን መስማትን አያድንም። ክቡን መስኮት (ኤሌክትሮዱ ወደ ኮክሊያው የሚገባበትን ቀዳዳ) የሸፈነው የአጥንት ጠርዝ በአልማዝ መሰርሰሪያ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ይነሳ። ደምና የአጥንት ብናኝ ተጠርገው ሳያልቁ የመስኮቱ ገለፈት አይከፈት፤ ውስጥ ከገቡ ብግነትና ጠባሳ ያስከትላሉ። ከተከፈተ በኋላ መምጠጫውን ወደ ቀዳዳው ማስጠጋት ፈጽሞ አይገባም፤ ፔሪሊምፉ (የኮክሊያው ፈሳሽ) ከተመጠጠ መስማቱም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ሃያሉሮኒክ አሲድ መንገዱን ያለሰልሳል፣ ዴክሳሜታዞን ብግነቱን ያበርዳል። ማስገባቱ 2 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይውሰድ፤ በፍጥነት ሲገፋ የፈሳሹ ግፊት ስለሚያሻቅብ፣ ምንም ሳይቀደድም ድምፅ ተቀባዮቹ ፀጉራማ ህዋሳት ሊጎዱ ይችላሉ።

ኤሌክትሮኮክሊዮግራፊ (ኮክሊያው ለድምፅ የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚለካ ዘዴ) ካለ በ500 ኸርዝ ድምፅ እየተከታተሉ ማስገባት እጅግ ይመከራል። ምልክቱ በድንገት ካሽቆለቆለ ጫፉ ባሲላር ገለፈቱን ነክቶ ይሆናል፤ ቆሞ ትንሽ መመለስ ብዙ ጊዜ ምልክቱን ያስመልሳል። ሆኖም መቀነስ ሁሉ ጉዳት አይደለም፤ ጫፉ የምልክቱን ምንጭ አልፎ ሲሄድም ይቀንሳል።

ኮክሊያ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ርዝመቱ አስቀድሞ በሲቲ ስካን ይለካ። የመስማት ኃይላቸው በየጊዜው እየወረደ ላለ ታካሚዎች ግን ፍሌክስ 24ን አንመክርም። የቀረው መስማት ከጠፋ የኮክሊያው ጫፍ ያለማነቃቂያ ይቀራል፤ ለእነሱ 28 ሚሊሜትሩ ይሻላል።